ስለ ጥላሸትና ስለ ሩቅ አመዳይ

በቦንጋ ከተማ በማለዳ ከኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ሸለቆው ለሚመለከት ሰው ሁለት ነጭ ነገሮች ተቀላቅለው ይታዩታል፤ አንደኛው ከጫካው የሚነሣው ጉም ነው፥ ሁለተኛውም ከየቤቱ ክዳን የሚወጣው ጢስ ነው። ፀሐይ በወጣች ጊዜ ጉሙ ይበተናል፤ ጢሱም ከእርሱ ጋራ ይጠፋል። ጉሙ ወዴት እንደ ሄደ ገበሬው ያውቃል፤ ዝናብ ሆኖ ይመለስለታልና። ጢሱ ወዴት እንደ ሄደ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። ከዐይን የራቀ ነገር ሁሉ ግን ጠፋ ማለት አይደለም። ስለዚህ በጢሱ ምክንያት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም፦ ሰው ከእጁ ወጥቶ ከዐይኑ ስለ ተሰወረ ነገር ተጠያቂ ነውን? የሚል ነው።

ጥያቄውን ለመመርመር አስቀድሞ የነገሩን ባሕርይ ማወቅ ይገባል። የጢስን ልጆች የአማርኛ ቋንቋ ስም አልነፈጋቸውም፤ በድስትና በጀበና ቂጥ የሚለጠፈው ጥላሸት ይባላል፥ በማድ ቤት ጣራ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየውም ጥቀርሻ ይባላል። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እንጨት ወይም ከሰል ወይም ናፍጣ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ፥ ሳይቃጠል ያመለጠው ደቃቅ ጥቁር ካርቦን ነው። በጣራ ላይ ተከማችቶ ሲታይ ወፍራም ይመስላል፤ በአየር የሚንሳፈፈው አንዱ ቅንጣት ግን ከሰው ጠጕር ውፍረት ከመቶ አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ደቃቅ ስለ ሆነም ነፋስ ሳይደክመው ይሸከመዋል።

ጥላሸት በራሱ ክፉ ነው ሊባል አይቻልም። የጥንት የብራና ጸሐፊዎች ከድስት ቂጥ ፍቀው ከተቈላ እህልና ከሙጫ ጋራ አዋሕደው ጥቁር ቀለም አድርገውታል፤ የጻፊው ስም ተረስቶ ሳለ ጽሕፈቱ እስከ ዛሬ የሚነበበው በዚያ ቀለም ነው። በብራና ላይ ሲያርፍ ዕውቀት ይሆናል፤ በሳንባ ውስጥ ሲያርፍ ደዌ ይሆናል፤ በአመዳይ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። ከዚህ የምንረዳው፥ የነገር ጥቅሙና ጕዳቱ በባሕርዩ ብቻ ሳይሆን ባረፈበትም ስፍራ እንደሚታወቅ ነው።

አመዳይ ለኢትዮጵያ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በሰሜን ተራሮች በራስ ዳሸን አካባቢ አልፎ አልፎ ይወርዳል፤ ነገር ግን ሳይቆይ ይቀልጣል። በምድር ሁለቱ ዋልታዎች ግን ዓመት በዓመት ላይ እየተነጠፈ፥ የታችኛው በላይኛው ክብደት እየተጫነ ግግር በረዶ ይሆናል። አዲስ የወረደ አመዳይ ከሚያርፍበት መቶ እጅ የፀሐይ ብርሃን ከ80 እስከ 90 እጅ ያህሉን ወደ ሰማይ ይመልሳል። እንግዲህ አመዳይ ራሱን ከፀሐይ የሚጠብቀው በንጣቱ ነው ማለት ነው። በቀትር ፀሐይ ጥቁር ካባ የለበሰና ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ጐን ለጐን ቢቆሙ አስቀድሞ የሚያልበው ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ጥላሸትም በአመዳይ ላይ ሲያርፍ የጥቁሩን ካባ ሥራ ይሠራል፤ ብርሃኑን ይውጣል፥ የዋጠውም ብርሃን ሙቀት ይሆናል፥ አመዳዩም ከጊዜው በፊት ይቀልጣል። ሲቀልጥም ጥላሸቱ ሁሉ ከውኃው ጋራ አይወርድም፤ ብዙው ከላይ ቀርቶ ገጹን ይበልጥ ያጠቍረዋል። እንዲህም ጥቂቱ ጥፋት ሌላውን ጥፋት ይወልዳል።

ይህን ለማድረግ ብዙ ጥላሸት አያስፈልግም። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሌሎች አገሮች ሰዎች ጋራ ሆነው ከአላስካ፥ ከካናዳ፥ ከግሪንላንድ፥ ከኖርዌይና ከሩስያ ሰሜን 1,200 ያህል የአመዳይ ናሙና ሰብስበው፥ እያቀለጡ በወንፊት ወረቀት አጥልለው መረመሩ፤ ውጤቱንም በ2010 አወጡ፤ ይህና ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት፥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለባቸው በቀር፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። የሚገኘው ጥላሸት በግሪንላንድ ከሺህ ሚሊዮን እጅ አመዳይ ጥቂት እጅ፥ በሩስያ ሰሜን አንዳንድ ስፍራ ደግሞ ከሃያ እጅ የሚበልጥ ነው። ይህ በዐይን ሊታይ የማይችል ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ግን ያየዋል።

ምንጩ ከወዴት ነው ቢሉ፥ አንድ ብቻ አይደለም። በሰሜን አገሮች በበጋ የሚነደው ሰፊ ደን፥ በጸደይ ለእርሻ ሲባል የሚቃጠለው ሣርና ገለባ፥ የከሰል ምድጃ፥ የናፍጣ ሞተር፥ የመርከብ ጢስ፥ በሩስያ ሰሜን ነዳጅ በሚወጣበት ስፍራ ሌሊትና ቀን የሚነደው ጋዝ፥ እነዚህ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ከጥላሸት ሌላም አመዳይን የሚያጠቍር አለ፤ የበረሃ አቧራ፥ የእሳተ ገሞራ አመድ፥ በአመዳይ ላይ የሚበቅል ደቃቅ ዋቅላሚም ይገኛል። ስዊድን ነዋሪ የነበረው ሊቅ ኖርደንሾልድ በ1870 ወደ ግሪንላንድ በረዶ ገብቶ በጥቃቅን ጕድጓዶች ውስጥ የተኛ ጥቁር ዱቄት አገኘ፤ ከግሪክ ቃል ወስዶም የበረዶ ትቢያ የሚል ስም አወጣለት። እንግዲህ ሰው በዚያ ምድረ በዳ ሳይኖር ትቢያው ግን ከብዙ ጊዜ በፊት ደርሶ ነበር።

በረዶ የማይዋሽ ምስክር ነው። ዓመት በዓመት ላይ ስለሚነጠፍ፥ ሊቃውንት ወደ ታች ቈፍረው እንደ ዓምድ ያለውን በረዶ ሲያወጡት የዘመናትን መዝገብ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልጡታል። በ2007 የታተመው የግሪንላንድ በረዶ ምርመራ እንዲህ ይመሰክራል፤ ከ1850 አካባቢ ጀምሮ በከሰል የሚሠሩት ፋብሪካዎች ሲበዙ በበረዶው ያለው ጥላሸት ከቀድሞው ሰባት እጅ ሆነ፤ እጅግ የከፋውም ከ1906 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ነበር፤ ከ1951 በኋላ ግን ቀነሰ። በዚያ ዘመን በሰሜን አሜሪካ ፋብሪካ ከሰል የሚጨምር ሠራተኛ ግሪንላንድን በሕልሙም አላያት ይሆናል፤ የእጁ ሥራ ግን በዚያ ተመዝግቦ ተገኘ።

የደቡብ ዋልታ ምስክርነት ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። አሙንድሰን የተባለው የኖርዌይ ሰው በታኅሣሥ 1911 ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ደቡብ ዋልታን ረገጠ ተብሎ ተመሰገነ። በበረዶው የተገኘው መዝገብ ግን፥ ከአውስትራሊያ ማዕድን ማቅለጫ የወጣ እርሳስ በ1889 ገደማ በዚያ አህጉር ደርሶ እንደ ነበረ ያሳያል። የሰው እግር ሳይደርስ ከ20 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አስቀድሞ የሰው እድፍ ደርሷል ማለት ነው። እንደገናም በ2021 የወጣው ምርመራ፥ ከአንታርክቲካ ደሴቶች በአንዱ በጄምስ ሮስ ደሴት ከ1300 ጥቂት ቀደም ብሎ ጥላሸት በድንገት መብዛቱን አገኘ፤ ምክንያቱንም ሲፈልጉ ማኦሪ የሚባሉት ሰዎች ወደ ኒው ዚላንድ ደርሰው ደኑን ማቃጠል የጀመሩበት ዘመን ሆኖ ተገኘ። ፋብሪካ የሌላቸው፥ ቍጥራቸውም ጥቂት የሆነ ሰዎች ያነደዱት እሳት ሺህ ማይሎችን ተሻግሮ ባሕር ማዶ በበረዶ ላይ ተጻፈ።

ነፋስ ሸክሙን እስከ ምን ድረስ እንደሚወስድ ለኢትዮጵያ ሰው የቅርብ ማስረጃ አለው። በአፋር ያለው ሃይሊ ጉቢ የተባለ እሳተ ገሞራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት ፈንድቶ አመዱን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወረወረ፤ አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን ላይ አልፎ፥ ጥቂት ቀን ሳይሞላ ከፓኪስታንና ከህንድ ሰማይ ደረሰ። በአፋር ጕድጓድ የነበረው ትቢያ በህንድ አውሮፕላኖችን አስጨነቀ።

እንኪያስ የቦንጋ ጢስ በሰሜን ዋልታ አመዳይ ላይ ያርፋልን? እውነቱን መናገር ይገባል፤ ከሞላ ጐደል አይደርስም። ጥላሸት በአየር የሚቆየው ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ነው፤ ከፋም ዝናብ ከሚበዛባቸው የኢትዮጵያ አገሮች አንዱ ስለ ሆነ ብዙው ጢስ ሩቅ ሳይሄድ ዝናብ ወደ መሬት ያወርደዋል። በሰሜን ዋልታ የሚያርፈውም አብዛኛው ለዋልታው ከሚቀርቡት ሰሜናዊ አገሮች የሚነሣ ነው፤ ቦንጋ ግን ከምድር ወገብ ሰባት መስመር ያህል ብቻ ወደ ሰሜን የራቀች ናት። ከሦስት ጕልቻ በታች እንጨት የምትማግደውን የከፋ ሴት የዋልታውን አመዳይ አጠቈርሽ ብሎ የሚከስስ ዳኛ ቢገኝ ፍርዱ ዐመፃ ይሆናል።

ይህን የሰማ ሰው፥ እንግዲያውስ ጕዳዩ አይመለከተንም ብሎ ሊያርፍ ይፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄው የተጀመረው ስለ ቦንጋ ጢስ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ማይታይ ሥራ ሁሉ ነበር። ስለዚህ ሰዎች ስለ ማይታይ ሥራቸው የሚሰጡትን ምክንያት መመርመር ይገባል።

የመጀመሪያው ምክንያት፦ የእኔ ድርሻ ከምንም አይቈጠርም የሚል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። የጥላሸት ነገር ከዚህ ተረት ጋራ የተመሳሰለ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ሎሚ ይዞ ሲሄድ አይከብደውም፥ እንዲያውም ሽታው ደስ ያሰኘዋል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በተረቱ ሎሚው ተከፋፍሎ ይቀራል፥ ሸክሙም ይጠፋል። ጥላሸቱ ግን ሁሉም ከጣለው በኋላ ተመልሶ በአንድ ተሸካሚ ጀርባ ላይ ይሰበሰባል፤ ተሸካሚውም አመዳዩ ነው፥ ሳንባውም ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለበጎ ብቻ አይደለም፤ ለክፉም ያብራል። ለአንዱ ከምንም የማይቈጠር ነገር ለተሰበሰበበት ሁሉ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፦ አላወቅሁም የሚል ነው። ይህ ከፊተኛው የበለጠ እውነት አለው። ማኦሪዎቹ አንታርክቲካ የሚባል ምድር መኖሩን አያውቁም ነበር፤ የአውስትራሊያ ማዕድን አቅላጮችም ጢሳቸው ወዴት እንደሚያርፍ አልጠየቁም። በደለኞች ናቸው ማለት አይገባም። ነገር ግን ምክንያት መሆን፥ በደለኛ መሆንና ባለዕዳ መሆን ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የአንዱ ሰው ከብት በሌሊት በረቱን ጥሶ የጎረቤቱን ማሳ ቢበላ ሽማግሌዎች ባለከብቱን ክፉ ሰው አይሉትም፤ ካሣውን ግን ያስከፍሉታል፤ በረቱንም አጥብቆ እንዲያጥር ያዝዙታል። በሁለተኛው ሌሊት ከብቱ በዚያው ቀዳዳ ቢወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ አላወቅሁም የሚለው ቃል አይሰማለትም። ስለ ጥላሸትም እንዲሁ ነው። ያለፉት ዘመናት ሰዎች ምክንያት ነበሩ፤ የዛሬው ሰው የበረዶውን መዝገብ አንብቧልና ከማወቁ ጋራ ዕዳ ወድቆበታል። ዕውቀት ያለፈውን በደል አይፈጥርም፤ የሚመጣውን ግዴታ ግን ይፈጥራል።

ሦስተኛው ምክንያት፦ ቸግሮኝ ነው የሚል ነው። በዚህ ላይ ሚዛን መያዝ ያስፈልጋል፤ ጢስ ሁሉ አንድ አይደለምና። ለልጆቿ ቆጮ የምትጋግር እናት ጢስና፥ ነዳጁን አውጥቶ ጋዙን ለመሰብሰብ ገንዘብ ማውጣት ስለማይፈልግ በከንቱ የሚያነደው ባለጠጋ ኩባንያ ጢስ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም። ሁላችንም እኩል አጥፍተናል የሚለው ቃል ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የታላቁ ባለዕዳ መሸሸጊያ ነው። ዕዳው በሁሉ ላይ እኩል ሲከፋፈል ብዙ የተበደረው ይጠቀማል፥ ምንም ያልተበደረው ይከፍላል። ስለዚህ የማይታየውን ሥራ የሚመዝን ሰው ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፤ አድራጊው ምን ያህል ያውቅ ነበር? ምን ያህልስ ያስፈልገው ነበር? ሌላ መንገድስ ነበረውን? የሦስቱ መልስ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኝ፥ ማለት ሲያውቅ ሳይቸግረው ሌላ መንገድ ሳለው ቢያደርገው፥ ያን ጊዜ በደል ተብሎ ይጠራል።

በዚህ ሚዛን የሚበልጠው ክብደት በባለጠጎቹ አገሮች ላይ መውደቁ ግልጥ ነው። እነርሱም ጥቂት መጀመራቸው አይካድም፤ በሰሜን ዋልታ ባሕር የሚሄዱ መርከቦች ወፍራሙን ጥቁር ነዳጅ እንዳይጠቀሙ የዓለም የባሕር ድርጅት ያወጣው ሕግ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ጸንቷል፤ ለአንዳንዶቹ መርከቦች ግን እስከ 2029 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። እዚህ ላይ ስለ ጥላሸት አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ከእሳት የሚወጣው የካርቦን አየር ለብዙ መቶ ዓመታት በሰማይ ይቆያል፤ የአያትን ጥፋት የልጅ ልጅ ይወርሳል። ጥላሸት ግን አንድ ሳምንት ብቻ ስለሚቆይ፥ ምንጩ ቢዘጋ አየሩ ወዲያው ይጠራል፥ በሚመጣውም ክረምት የሚወርደው አመዳይ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። በሰው ጥፋቶች መካከል እንዲህ ፈጥኖ የሚታረም ጥፋት ብዙ አይገኝም።

አሁን ወደ ቦንጋ መመለስ ይገባል፤ የማይታየው ሥራ ጥያቄ በዚያ በሌላ መልክ ይጠብቃልና። የከፋ ጢስ ከዋልታው አመዳይ አይደርስም ተብሏል፤ ታዲያ የት ይደርሳል? ክዳኑን አልፎ ከመውጣቱ በፊት አስቀድሞ የሚያርፈው በምድጃው አጠገብ በተቀመጠችው ሴት ሳንባና በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃን ደረት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። በኢትዮጵያ ደግሞ አብዛኛው ቤተ ሰብ በእንጨት፥ በከሰልና በኩበት ያበስላል። የተማረው የከተማ ሰው ስለ ዋልታው በረዶ አንብቦ ሲያዝን፥ በማድ ቤቱ ጣራ የተንጠለጠለውን ጥቀርሻ አሻቅቦ ሳያይ ይቀር ይሆናል። በጣራው ያለው ጥቀርሻ ግን በውስጥ ያለው ሳንባ ምን እንደሚመስል የሚናገር ሌላ መዝገብ ነው። ሩቁን አላየሁም የሚል ሰው ምክንያት አለው፤ በቤቱ ያለውን አላየሁም የሚል ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

በዚህስ ሌላ መንገድ የለም አይባልም። እሳቱን ዙሪያውን ከልሎ የሚይዘው ከሲሚንቶ የተሠራው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጕልቻው ያነሰ እንጨት ይፈጃል፥ ጢሱንም ይቀንሳል፤ እንጨቱን ማድረቅ፥ የጢስ መውጫ ማበጀት፥ መብራት በደረሰበት በመብራት ማብሰል፥ እነዚህ ሁሉ የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የቤቱ ገንዘብ የሚታዘዘው በወንዱ ነው፥ ጢሱን የምትተነፍሰው ግን ሴቲቱ ናት። የዋልታው አመዳይ የሌላውን አገር ጢስ እንደሚሸከም፥ ማድ ቤትም የእልፍኙን ቸልታ ይሸከማል። እንግዲህ ያ የማይታይ ጕዳት የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ከርቀት የሚመጣ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ማየት ከማይፈልግ ዐይን ይመጣል።

የነገሩ ፍጻሜ ግን ስለ ጥፋት ብቻ ሊሆን አይገባም። ከፋ የቡና እናት አገር ናት፤ ቡናው በዱር ከታላላቅ ዛፎች ጥላ በታች በገዛ እጁ ይበቅላል፥ ንቡም በዛፎቹ ላይ በተሰቀለው ቀፎ ውስጥ ማር ይሠራል። ጫካው ቢቃጠል ቡናውም ማሩም ስለሚጠፋ፥ የአገሩ ሰው በብዙ ስፍራ ጫካውን ጠብቆ ኖሯል፤ ዩኔስኮም በ2002 ዓመተ ምሕረት በዓለም ከሚጠበቁት የሕይወት ስፍራዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ዛሬም ስለ እርሻና ስለ ገንዘብ ሲባል መጥረቢያ ከዳር ዳር ይሰማል፤ ጠባቂውም በየዓመቱ ምርጫ ላይ ይቆማል። ያልተቃጠለው ጫካ ያልወጣ ጢስ ነው፤ በግንዱ ውስጥ የያዘው ካርቦንም ወደ ሰማይ ያልሄደ ሙቀት ነው። ይህንን ግን ማንም አይቈጥርለትም። የተቃጠለው እሳት በበረዶ ላይ ይጻፋል፤ ሳይቃጠል የቀረው ግን የትም አይጻፍም፤ ሊቃውንትም ቈፍረው አያገኙትም።

እንግዲህ ለፊተኛው ጥያቄ መልሱ በዚህ ይገኛል። ሰው ከዐይኑ ስለ ተሰወረ ሥራው ተጠያቂ ነው፤ ነገር ግን እንዳወቀው መጠን፥ እንደ ተቸገረውም መጠን፥ ሌላ መንገድ እንዳገኘውም መጠን ነው። መጠየቁም ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ ይጀምራል፤ ከማድ ቤቱ ጣራ ይጀምራል። በማይታይ ጥፋቱ ሊጠየቅ የሚገባው ከሆነ ደግሞ በማይታይ በጎነቱ ሊመሰገን ይገባዋል። የዋልታው ሰው ስሙን የማያውቀው አንድ የከፋ ገበሬ ዛሬ መጥረቢያውን ከዛፉ ግንድ መልሶ ወደ ቤቱ ቢሄድ፥ ማታም ለሚስቱ ጢስ የማያበዛ ምድጃ ቢሠራላት፥ የዚያ ቀን ሥራው በየትኛውም በረዶ ላይ ጥቁር ምልክት አይተውም። ምልክት አለመተዉም ምስክሩ ነው።